ከሱስ የምትታከም እናት ልጇን ስታሳክም

እንጅባራ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለ ሱስ ሕክምና ሲወራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው አማኑኤልና ጳውሎስ ሆስፒታሎች ግን ያሉት እዚያው አዲስ አበባ ነው። ከሐምሌ 28 ቀን 2015ቱ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ ደግሞ መንገዱ ራሱ በተደጋጋሚ ተዘግቷል። ስለዚህ በአዊ ዞን የትራማዶል ወይም የሌላ ከባድ ማስታገሻ ሱስ የያዛት እናት ከጤና ባለሙያ ጋር የመገናኘት ሰፊ ዕድሏ ሕፃኗን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ልታስከትብ ስትመጣ ነው።

እዚያ "የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" ትባላለች። እውነቱን ብትናገር ነርሷ ፊቷን ታጠቁርብኛለች፣ ወረፋ የያዘችው ጎረቤቴም ትሰማለች ብላ ትፈራለች። በሩ ክፍት ሆኖ በአንድ ጠረጴዛ ሁለት ሦስት እናት ሲስተናገድ ያየ ሰው ፍርሃቷ ይገባዋል። "የለም" ብላ ትወጣለች።

ሕፃኑን የሚጎዳው ይህ "የለም" ነው። ትራማዶል ከጡት ወተት ጋር ያልፋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2017 እ.ኤ.አ. የሚያጠቡ እናቶች እንዳይወስዱት ያስጠነቀቀው ሕፃኑን ከልክ በላይ ሊያስተኛና ትንፋሹን ሊያዳክም ስለሚችል ነው። በሌላ በኩል የዓለም ጤና ድርጅት የ2014 መመሪያ ነፍሰ ጡሯ በድንገት ከማቆም ይልቅ በሜታዶን ወይም በቡፕረኖርፊን እንድትታከም፣ ግልጽ ጉዳት ከሌለው በቀርም ጡት እንድታጠባ ይመክራል። መልሱ እንደ መድኃኒቱ ይለያያል። ሐኪሙ ካልተነገረው ግን የሚንቀጠቀጥና አልጠባ ያለ ሕፃን ሲቀርብለት የሚያክመው በግምት ነው።

ሀብታም አገርም ከዚህ አላመለጠም። በአሜሪካ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች በእርግዝና ወቅት አደንዛዥ ዕፅ መውሰድ በሕግ ልጅን እንደ መበደል ይቆጠራል፤ እናቶች ልጃችንን ይነጥቁናል ብለው ይደብቃሉ። ሆኖም እዚያው በ26 ሆስፒታሎች 1,305 ሕፃናት የተካተቱበትና በ2023 የታተመ ጥናት ሌላ መንገድ አሳይቷል። ባለሙያው "ሕፃኑ ይጠባል? ይተኛል? ሲያለቅስ ይባበላል?" ብሎ ይመዝናል፤ መድኃኒት ከመስጠቱም በፊት እቅፍን፣ ጡትንና ጸጥታን ያስቀድማል። በዚህ መንገድ ሕፃናቱ በአማካይ በ14.9 ቀን ፈንታ በ8.2 ቀን ከሆስፒታል ለመውጣት ደረሱ፤ መድኃኒት ያስፈለጋቸውም ከ52 በመቶ ወደ 19.5 በመቶ ወረዱ። እቅፍ ደግሞ እንጅባራም አለ።

እኛ ሙስሊሞች ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ) ዘመን ድጎማ የሚሰጠው ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ ነበር። እናቶችም ድጎማውን ለማግኘት ልጆቻቸውን ያለጊዜያቸው ጡት ማስጣል ጀመሩ። ዑመር በሌሊት የሕፃን ለቅሶ ሰምተው ምክንያቱን ሲረዱ እናቲቱን አልቀጡም፤ ድጎማው ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲሰጥ አዘዙ።

የሚያሰክርና የሚያደነዝዝ ነገር ሐራም ስለመሆኑ ክርክር የለንም። "ሜታዶንስ ሱስን በሱስ መተካት አይደለም ወይ?" የሚሉ ወንድሞች አሉ። በሐኪም ተለክቶ ለሕክምና የሚሰጥን መድኃኒት ለመደንዘዝ ከሚወሰድ ክኒን ጋር አንድ ማድረግ ከፊቅህም ከሕክምናም አያስኬድም። ኹጥባችን ጣቱን መቀሰር ካለበት ትራማዶልን ያለ ማዘዣ በሚሸጠው መድኃኒት ቤት ላይ ይቀስር።

ጤና ጣቢያዎቹ ለጊዜው አንድ መጋረጃና ሁለት ደቂቃ የብቻ ጥያቄ ቢመድቡ ብዙ ነው። ከመስጂዶቻችን የሴቶች ጀመዓ የምንጠብቀው ደግሞ እናቲቱ ለሕክምና ቀጠሮዋ ስትሄድ ትልልቆቹን ልጆች የሚይዝላት ሰው ነው፤ "ምንሽን ነው የምትታከሚው?" ብሎ ሳይጠይቃት።