ቀለህ የሚናገረውና የማይናገረው

የወንጀል ዜና ስናነብ «በፎረንሲክ ምርመራ ተረጋግጧል» የምትል አባባል አትጠፋም። አጭር ናት፣ ከባድ ናት፣ ክርክርም ትዘጋለች። ዘጋቢው ይጽፋታል፣ አርታኢው ያሳልፋታል፣ አንባቢው ያምናታል። በቃ! ማን አረጋገጠ? በምን ዘዴ? ምን ያህል እርግጠኛ ሆኖ? ብሎ የሚጠይቅ ብዙም የለም።

ዛሬ ማንሳት የፈለግኩት ከእነዚህ ምርመራዎች አንዱን ነው፤ ይኸውም መሣሪያን ለሙከራ ተኩሶ ቀለሁን ማስቀመጥና ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ ከተለቀመ ቀለህ ጋር ማስተያየት። አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። ዘዴው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ገንዘብ ይበላል፣ ሰውም ያለ ጥፋቱ እስር ቤት ሊከት ይችላል።

መጀመሪያ አሠራሩን እንይ (የውጭ አገሮቹን ዓመታት የማነሳው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቃታ ሲሳብ የመሣሪያው መርፌ የጥይቱን መቀመጫ ይመታል። ባሩዱ ሲቀጣጠል ደግሞ ቀለሁ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከብረቱ ጋር ይላተማል። ከዚያም ከጥይት ቤቱ ተስቦ ወደ ውጭ ይወረወራል። በእነዚህ ሁሉ ደረጃዎች ናሱ ላይ ጭረትና ጠባሳ ይቀራል። ባለሙያው የተያዘውን መሣሪያ ውኃ በተሞላ ገንዳ ውስጥ ወይም ጥይቱን በሚያቆም ሌላ ነገር ላይ ይተኩስና ቀለሁን ይወስዳል። ሁለቱን ቀለሆች ጎን ለጎን በሚያሳይ ማይክሮስኮፕ ያስተያያል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ሌላ ምትሐት የለውም።

ዘዴው ስሙን የተከለው በ1929 ቺካጎ ውስጥ ነው። በየካቲት ወር፣ በቫለንታይን ቀን፣ ሰባት ሰዎች አንድ ጋራዥ ውስጥ ተረሸኑ። ከገዳዮቹ አንዳንዶቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው ስለነበር ጥርጣሬው ፖሊሶች ላይ ወደቀ። የጥይት ምርመራ ባለሙያው ካልቪን ጎዳርድ የፖሊሶቹን ቶምሰን መትረየሶች ለሙከራ ተኩሶ ከቦታው ከተለቀሙት 70 ቀለሆች ጋር አስተያየ፤ አልገጠሙም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሚሺጋን ውስጥ ፍሬድ በርክ ከተባለ ወንበዴ ቤት ሁለት ቶምሰኖች ተያዙ። እነዚህን ሲሞክራቸው የወንጀሉ መሣሪያዎች ሆነው አገኛቸው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ! መሣሪያው ታወቀ። በዚያ ግድያ ግን እስከ ዛሬ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባለ ሰው የለም። በርክ ራሱ የተፈረደበት አንድ ፖሊስ በመግደሉ ነው። ቀለህ «ከዚህ መሣሪያ ወጣሁ» ሊል ይችላል። ቃታውን ማን እንደሳበው ግን አይናገርም።

ሁለተኛው ምሳሌዬ የሜሪላንድ ግዛት ነው። በ2000 በወጣ ሕግ መሠረት እዚያ የሚሸጥ እያንዳንዱ አዲስ ሽጉጥ በፋብሪካ ተተኩሶ ቀለሁ በፖስታ ታሽጎ ለግዛቱ ፖሊስ እንዲላክ ተደረገ። ወሬው ደስ ይላል፤ «የሽጉጥ አሻራ» ተባለለት። ከ300,000 በላይ ቀለህ ተከማቸ፣ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጣ። ውጤቱስ? ቀለሆቹ ለመርማሪዎች የጠቀሙት በጣት በሚቆጠሩ ጉዳዮች ሲሆን፣ ያኔም የትኛውን ሽጉጥ እንደሚፈልጉ አስቀድመው ያውቁ ነበር። በ2015 ሕጉ ተሻረ። ኒውዮርክም ተመሳሳይ መዝገብ በ2001 ጀምራ በ2012 ዘግታለች።

ለምን ከሸፈ? አንደኛ፣ የተከማቸው ቀለህ በአብዛኛው ወንጀል የማያውቁ ሽጉጦች ቀለህ ነው። ሁለተኛ፣ ከሕጉ በፊት የተሸጠውና ከሌላ ግዛት የገባው መሣሪያ መዝገቡ ውስጥ የለም። ሦስተኛ፣ ክምችቱ በበዛ ቁጥር ተመሳሳይ ጭረትም ይበዛል፤ ኮምፒዩተሩም እውነተኛውን ከመሳዩ ለመለየት ይቸገራል። በ2008 የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ያቋቋመው ኮሚቴ አዲስ መሣሪያን ሁሉ የሚመዘግብ አገር አቀፍ ክምችት እንዳይቋቋም የመከረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ታዲያ ዘዴው ይጣል ማለቴ ነው እንዴ? በፍጹም። አሜሪካኖቹ ኒቢን የሚሉት ሌላ መረብ አላቸው። እዚያ የሚገባው ወንጀል ከተፈጸመበት ቦታ የተለቀመ ቀለህና ፖሊስ ከያዘው መሣሪያ ለሙከራ የተተኮሰ ቀለህ ነው። ኮምፒዩተሩ ተቀራራቢዎቹን ይደረድራል፣ የመጨረሻውን ማስተያየት ሰው ይሠራል። በተለያየ ቀንና ሰፈር የተፈጸሙ ሁለት ተኩሶች ከአንድ መሣሪያ እንደወጡ ሊጠቁም ይችላል። ይህ ለመርማሪ ትልቅ ነገር ነው። ግን ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም።

ፍርድ ቤቶችም ይህን ማለት ጀምረዋል። በ2016 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሳይንስ አማካሪዎች የዚህ ምርመራ አስተማማኝነት በበቂ ጥናት አልተረጋገጠም አሉ። በ2023 ደግሞ የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአንድ የግድያ ጉዳይ ባለሙያው «ጥይቶቹ ከዚህ ሽጉጥ ነው የተተኮሱት» ብሎ በእርግጠኝነት መመስከር አልነበረበትም ሲል ወሰነ። «ምልክቶቹ ይስማማሉ» ማለት ይችላል፤ ከዚያ ማለፍ ግን አይችልም። የሁለቱ አባባሎች ልዩነት የቃላት ጨዋታ ሊመስለን ይችላል። ለተከሳሹ ግን የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያ በፈቃድ እንዲያዝ ይደነግጋል። ነገ አንዱ ተነስቶ «የተመዘገበው ሁሉ ተተኩሶ ቀለሁ ይቀመጥ» ቢል ብዙዎቻችን እናጨበጭባለን ብዬ እሰጋለሁ። በገጠራችን ጠመንጃ ከአባት ለልጅ ይወረሳል፣ ለወንድም ይዋሳል፣ ይሸጣል፤ ሲሰበር መርፌውም ሊለወጥ ይችላል። ታዲያ ቀለሁ «ከአቶ እገሌ ጠመንጃ ወጣ» ቢባል አቶ እገሌ ተኮሰ ማለት ነው? የሟች ቤተሰብ እውነተኛውን ገዳይ ማወቅ ይፈልጋል፤ ማንም ይሁን ብቻ አንድ ሰው ይታሰርልን አይልም።

ስለዚህ እኛ ነገ ማይክ የምንይዝ ተማሪዎች ቢያንስ አራት ጥያቄ እንልመድ። ምን ከምን ጋር ተስተያየ? ውጤቱን ሌላ ባለሙያ ሳይነገረው ለብቻው ፈትሾታል? መሣሪያው በዚያን ሰዓት በማን እጅ ነበር? ከቀለሁ ሌላ ምን ማስረጃ አለ? መልስ ካላገኘን «ተረጋግጧል» ከማለት «ፖሊስ እንዳለው ይመሳሰላል» ብለን እንጻፍ። ዜናው ትንሽ ይቀዘቅዝ ይሆናል። ይቀዝቅዝ! በአንድ ቃል ሰው ከሚፈረድበት ዜና ቢቀዘቅዝ ይሻላል።