የአደራ ቤት

የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 2025 በዴልሂና በአካባቢዋ የሚገኙ ባለቤት አልባ ውሾች በሙሉ በስምንት ሳምንት ውስጥ ከጎዳና ተነሥተው መጠለያ እንዲገቡ አዘዘ። ዳኞቹን ለዚህ ያነሣሣቸው በውሻ ንክሻና በእብድ ውሻ በሽታ ስለሚቀጠፉ ሕፃናት የወጣ ዜና ነበርና ሐሳባቸው ክፉ ነበር ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በ11ኛው ቀን ቁጥሩ የበዛ የዳኞች ችሎት ትእዛዙን አሻሻለው፤ ውሾቹ ተመክነውና ተከትበው ወደ ሰፈራቸው ይመለሱ፣ በሽታው ያለባቸውና ኃይለኞቹ ብቻ ይቅሩ ተባለ። በኖቬምበር ደግሞ ከትምህርት ቤት፣ ከሆስፒታልና ከባቡር ጣቢያ የተነሡት ተመልሰው እንዳይለቀቁ የሚል ሌላ ትእዛዝ ተከተለ። በእነዚህ ሁሉ ትእዛዞች መካከል መልስ ያጣው ጥያቄ ግን በጣም ቀላል ነው፤ ለመሆኑ የት ይቀመጡ?

ከዚህ ጸሐፊ ስለ ምርጫ፣ ስለ በጀትና ስለ ሕግ የበላይነት ማንበብ የለመደ አንባቢ «ዛሬ ደግሞ ስለ ውሻ?» ቢለኝ አልቀየመውም። ነገር ግን ጥያቄው ከእነዚያ ጉዳዮች የራቀ አይደለም። አንድ ከተማ አቤት ማለት የማይችሉ ፍጡራንን ምን እንደሚያደርጋቸው ሲወስን፣ ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ ሸክሙን ማን እንደሚሸከምና ከኃላፊነት ማን እንደሚሸሽ አብሮ ይወስናል።

መንግሥታት እስከ ዛሬ የሰጡት መልስ በአመዛኙ ሁለት ነው፤ ግደል ወይም አጉር። አንዳንዴም ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1910 የኢስታንቡል ባለሥልጣናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ውሾችን አፍሰው በማርማራ ባሕር ወደምትገኝ ጠፍ ደሴት ወሰዷቸው፤ ውሾቹም በረሃብና በውሃ ጥም አለቁ። ከ114 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 2024፣ የቱርክ ፓርላማ ከተሞች የጎዳና ውሾችን ሰብስበው መጠለያ እንዲያስገቡ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። በወቅቱ የውሾቹ ቁጥር 4 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ሲገመት፣ መጠለያዎቹ መያዝ የሚችሉት ግን 105 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። የቀሩት ወዴት እንደሚሄዱ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያሻም።

በእኛ ዋና ከተማ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረው የመጀመሪያው መልስ ነው። በሌሊት የተመረዘ ሥጋ ይበተናል፤ ሲነጋ ሬሳ ይለቀማል። ስትሪክኒን የተባለው መርዝ የሚገድለው ጡንቻን አኮማትሮ ትንፋሽ በማሳጣት ነው፤ እንስሳው እስኪሞት ድረስ ራሱን አይስትም። ከጭካኔው ይልቅ የሚያስገርመኝ ግን ከንቱነቱ ነው። ውሾችን መግደል ቁጥራቸውንም ሆነ የእብድ ውሻ በሽታን ሥርጭት በዘላቂነት ስለመቀነሱ ማስረጃ እንደሌለ የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች ከተናገሩ 20 ዓመት ሆኗቸዋል። አንዱ ሲገደል ቦታውን ከጎረቤት ሰፈር የመጣው ይይዘዋል፤ የተከተበው ከሞተ ደግሞ የሚተካው ያልተከተበው ነው። በሽታውን የሚገታው በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች ቢያንስ 70 በመቶ የሚሆኑትን መከተብና ክትባቱን ሳያቋርጡ መቀጠል ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ የቅንጦት ወሬ አይደለም። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺህ ያህል ሰዎችን እንደሚገድል ይገመታል፤ በአገራችን የሚሞቱት ደግሞ 2,700 ገደማ ናቸው። ሉዊ ፓስተር ክትባቱን በሰው ላይ የሞከረው እ.ኤ.አ. በ1885 ነበር። አዲስ አበባ በስሙ የሚጠራ ሰፈር አላት፤ ውሻ ለነከሰው ሰው «ፓስተር ሂድ» ማለት የተለመደ ምክር ሆኖ ትውልድ አልፎበታል። ከ140 ዓመት በኋላም ምክሩ አላረጀም። (ጉዳዩ የሰው ብቻም አይደለም፤ በዓለም ላይ ከ500 በታች የቀሩት ቀይ ቀበሮዎቻችን እ.ኤ.አ. በ2003፣ በ2008ና በ2014 በባሌ ተራሮች ያለቁት ከመንደር ውሾች በተዛመተው በዚሁ በሽታ ነው።)

ሦስተኛው መልስ ከመንግሥት የመነጨ አይደለም። ከጎዳና የተነሣ ወይም ባለቤቱ የጣለው እንስሳ ዘላቂ ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ በአንድ ፈቃደኛ ሰው ቤት የሚቆይበት አሠራር ነው። በአማርኛ የረጋ ስም የለውም። «ማደጎ» የሚሉት አሉ፤ ማደጎ ግን የራስ አድርጎ መውሰድ ነው፤ እዚህ የራስ የሚደረግ ነገር የለም። እኔ የአደራ ቤት ብዬዋለሁ። አደራ ተቀባይ ባለቤት አይደለም፤ የተሰጠውን ጠብቆ፣ አሻሽሎ፣ ቀኑ ሲደርስ ለሚገባው ያስረክባል።

ይህ ቤት መጠለያ የማይችለውን ይችላል። እናቷን ያጣች የድመት ግልገል ዓይኗን የምትገልጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያም፣ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ሌሊትና ቀን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ በጡጦ መመገብ አለባት፤ የላም ወተት ደግሞ ያስቀምጣታል። የሰውነቷን ሙቀት ራሷ መጠበቅ ስለማትችል በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ከጎኗ አይጠፋም። ሽንቷን እንኳ የምትሸናው እናቷ በምላሷ ትሠራው የነበረውን ሰው በራሰ ጥጥ ሲሠራላት ነው። ሠራተኞቹ ማታ ቆልፈውት የሚሄዱት መጠለያ ለእንዲህ ያለች ግልገል የሞት ፍርድ ነው። ቡችላም ቢሆን ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ባለው ዕድሜው ሰውን፣ የልጅ ጩኸትን፣ የመጥረጊያ ድምፅን ካልለመደ ኋላ ፈሪ ይሆናል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ይናከሳል። በዚያ ላይ ብዙ እንስሳ በታጨቀበት ግቢ ፓርቮ የተባለው ተቅማጥ አንዴ ከገባ ቫይረሱ መሬቱ ላይ ለወራት ስለሚቆይ ቡችሎቹን ተራ በተራ ይጨርሳቸዋል። አንዲት ክፍል፣ አንድ በር፣ አንድ ትዕግሥተኛ ሰው ይህን ሁሉ ይለውጣሉ።

አሠራሩ ሥር በሰደደባት በአሜሪካ የወረርሽኙ ሰሞን የታየው ይህንኑ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 የጸደይ ወራት ሰው ሁሉ ቤቱ ሲከተት፣ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ለመከላከል በ1866 የተቋቋመው የአሜሪካ ማኅበር በኒውዮርክና በሎስ አንጀለስ በጊዜያዊነት ቤት ያስገባቸው እንስሳት ከቀዳሚው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ70 በመቶ ገደማ በለጡ። እንስሳቱ ያጡት የሰው ርኅራኄን ሳይሆን የሰው ጊዜንና ቤትን ነበር ማለት ነው። ያ ሞገስ ግን አልዘለቀም፤ በ2024 በዚያች ባለጸጋ አገር መጠለያዎች ከ6 መቶ ሺህ በላይ ውሾችና ድመቶች ተገድለዋል። አደራ ተቀባዮቹ መካከል አንድ የታወቀ «ውድቀት» አለ፤ እንስሳውን ወድዶ ማስቀረት። ይቀለድበታል እንጂ ለእኔ ቁም ነገር አለው፤ ያስቀረ ሰው ለሚቀጥለው እንስሳ የሚሆነውን ቦታ ዘጋ።

ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ውሻ መኝታ ቤት ማስገባት የእኛ ልማድ አይደለም፤ የሃይማኖትም የንጽሕናም ምክንያት አለው፤ ይከበር። ነገር ግን የሰፈር ውሻን ዘበኛው፣ ሊስትሮውና ሥጋ ቤቱ ተባብረው ሲያኖሩት የቆዩበት ልማድም የእኛው ነው። አሁን እየፈረሰ ያለው ይህ ነው። በተለይ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በኮሪደር ልማት ነባር ሰፈሮች ሲነሡ ነዋሪው ወደ ኮንዶሚኒየም ይሄዳል፤ ግቢ ይጠብቅ የነበረው ውሻ አራተኛ ፎቅ አይወጣም። ለተነሺው ካሳና ምትክ ቤት ይበቃል አይበቃም እያልን እንከራከራለን፤ ውሻው ግን በፍርስራሹ ላይ ተቀምጦ መቅረቱን የሚመዘግብ የለም።

እነዚህን የሚያነሡ በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች አሉ፤ የማውቃቸው አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዷ ከደመወዟ ቆርጣ በተከራየችው ባለ አንድ መኝታ ቤት ግልገሎችን እያሳደገች ለሰው ትሰጥ ነበር። ወሬው ሲሰማ ሰዎች በካርቶን የታጨቁ ግልገሎችን በሌሊት ደጃፏ ላይ ጥለው መሄድ ጀመሩ። የጣሏት ሰዎች ስሟን ያመሰግናሉ፤ የወተቱን ዋጋ የጠየቃት ግን አልነበረም። በመጨረሻም አከራይዋ ቤቱን እንድትለቅ ነገራት። የበጎ ፈቃድ ነገር ከዳር የሚያዩትን ያስደስታል፤ ውስጡ ያሉትን ግን ያደክማል።

የምፈራው ይህንን ነው። መንግሥት አንድ ሥራ በበጎ ፈቃደኛ ሲሠራ ካየ፣ ሥራውን ከራሱ መዝገብ ይሰርዘዋል፤ በዓመት አንድ ቀን የምስክር ወረቀት ያድላል፤ ፎቶ ይነሣል። ክትባት፣ ማምከን፣ የባለቤቶች ምዝገባ የከተማ አስተዳደር ግዴታዎች ናቸው። ግብር የምንከፍለው ለእነዚህም ጭምር ነው። አሥር የአደራ ቤቶች መቶ ግልገሎችን ቢያድኑ፣ ያልተመከኑት የሰፈር ድመቶች ግን ሁለት ወር እንኳ በማይሞላ እርግዝና... አይ፣ ትክክለኛውን እንጻፍ፣ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን በሚሆን እርግዝና እየወለዱ ቁጥሩን መልሰው ይሞሉታል። ቡታን እ.ኤ.አ. በ2023 የጎዳና ውሾቿን በሙሉ ማምከኗንና ከ150 ሺህ በላይ ውሾች መሸፈናቸውን ስታስታውቅ፣ ሥራው ከተጀመረ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። ድሃ አገር ናት፤ ግን መንግሥቷ ሥራውን የራሱ አድርጎ ያዘው። የእኛ ሹማምንት የሕዝብን አደራ ተቀብለው፣ ያንኑ አደራ መልሰው ለሕዝብ ሲያሸክሙ ምን ይባላሉ? አማርኛ ለዚህ ቃል አላጣም።

«ሰው ተፈናቅሎ፣ ሕፃናት ጎዳና አድረው ስለ ውሻ ይወራል?» የሚለውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ አልንቀውምም። ከሕፃንና ከውሻ አንዱን ምረጥ ብባል አላመነታም፤ ያበደ ውሻም መገደል አለበት። ግን ማንም እንዲህ ያለ ምርጫ አላቀረበልንም። ጎዳና የሚያድረው ልጅ በመጀመሪያ የሚነከሰውና በመጨረሻ ክትባት የሚያገኘው ልጅ ነው። ነክሶ ጤነኛ የመሰለ ውሻ ለ10 ቀን ተይዞ ይታያል፤ በሕይወት ከቆየ የተነከሰው ሰው ከመርፌው ቀሪ ዙር ይድናል። የሚይዘው ቦታና ሰው ግን ያስፈልጋል።

በቢሾፍቱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ አለ። ተማሪዎቹ በየክፍለ ከተማው በመምህራን እየተመሩ የሚያመክኑበትና የሚከትቡበት ሥርዓት ቢዘረጋ፣ ለእነርሱ ልምምድ ለከተማዋ አገልግሎት ይሆናል። የኮንዶሚኒየም ማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ እንስሳን በደፈናው ከመከልከል ይልቅ የተከተበ እንስሳን በቁጥርና በጊዜ ገድቦ ሊፈቅድ ይችላል። የአደራ ቤት የከፈተ ሰው የሕክምና ወጪው በአስተዳደሩ ቢሸፈንለት በጀቱን አያናጋውም፤ መርዝም ቢሆን በነፃ አልመጣም።

አንባቢም ትርፍ ክፍል ካለው ለሦስት ሳምንት ያህል አንድ ካርቶን፣ አንድ የሙቅ ውሃ ጠርሙስና አንድ ጡጦ ይበቁታል። ግልገሏን በተቀበለ ማግስት ደግሞ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄዶ የዚህ ዓመት የውሻ ክትባት በሰፈሩ መቼ እንደሚሰጥ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።