«ውድ ደንበኛችን» አትበሉኝ

እኔ ተናድጃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓርብ እናቴ ልትጠይቀኝ መጣች። ምግብ መሥራት ሰነፍኩና በአንድ የምግብ ማዘዣ አፕ የጾም በያይነቱ አዘዝኩ። ብሩንም በቴሌብር ከፈልኩ። ወዲያው መልእክት መጣ፤ «ውድ» ካለ በኋላ የጠራው ግን አባቴን ነው! ለካ ፎርሙ «የመጨረሻ ስም» ሲለኝ የሞላሁትን ወስዶ ነው። በርገር አዞ የማያውቀው አባቴ ሳያስበው ደንበኛ ሆኖ አረፈው።

ምግቡ ሲመጣ ክትፎ ነው። በዓርብ! እናቴ «ተዪው ልጄ፣ አልራበኝም» አለች። እንደራባት አውቃለሁ። አቤቱታዬን ጻፍኩ። መልሱ በሰከንድ ደረሰ፦ «ስለ ትዕግሥትህ እናመሰግናለን።» ትዕግሥትህ! አሁን ደግሞ ወንድ ሆንኩ።

ታዲያ ማን ላይ ጮህኩ? ምግቡን ባመጣው ሞተረኛ ላይ። ልጁ ክትፎውን አልሠራው፣ አፑን አልጻፈው። በዚያ ሁሉ ሰንሰለት ውስጥ ያገኘሁት ሰው እሱ ብቻ ስለነበር ግን የሁሉንም ስድብ ጠጣ። እስካሁን ያሳፍረኛል።

የኦንላይን ሽያጭ አዋቂዎች «ደንበኛውን በስሙ ጥሩት፣ ቤተኛነት ይሰማዋል» ይላሉ። ስም መለጠፍ ግን ሰው ማወቅ አይደለም። የሰፈሬ ባለሱቅ ስሜን አያውቅም፤ «እህቴ» ነው የሚለኝ። ነገር ግን የሸጠልኝ እንቁላል ተበላሽቶ ከተገኘ ደረሰኝ ሳይጠይቅ ይቀይርልኛል። ቤተኛነት ማለት ይሄ ነው።

የማሽን ጠላት አይደለሁም፤ ማዘዣው በትክክል ሲሠራ እሰየው። ግን በአማርኛ ልታናግሩኝ ከፈለጋችሁ አማርኛውን እወቁት። ቋንቋችን «አንተ» እና «አንቺ» ይለያል፤ ስለዚህ ጠይቁኝ፣ ካልጠየቃችሁ «እርስዎ» በሉኝ። ሁለተኛው ስሜ የአባቴ እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። «2 ሰዓት ይምጣልኝ» ስል ፈረንጁ 8 የሚለውን ጠዋት ነው፤ ሰዓታችሁ ይህን ይረዳ። የጾም ምግብ ሳዝዝ ደግሞ ከወጥ ቤቱ ሳይወጣ አንድ ሰው ከፍቶ ይየው። ለጿሚ ስሕተቱ የጣዕም ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉም በላይ ነገር ሲበላሽ ስልክ የሚያነሳና ብሬን የመመለስ ሥልጣን ያለው ሰው ስጡኝ። ያኔ ሞተረኛውም የእናንተን ስድብ ተሸክሞ አይዞርም።

«ለዚያ ሰው መቅጠር ውድ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እንግዲያው እውነቱን እንነጋገር፦ ውዱ እሱ እንጂ እኔ አይደለሁማ!

ቸር እንሰንብት።