ነክሶ የማይለቅ ፒንሳ

ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ፣ ቃሊቲ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው የእህቴ ልጅ ስልክ ደወለልኝ። በወሩ መጨረሻ ወደ አገር ቤት ብቅ እንደምል ወሬው ደርሶታል። «ጋሼ፣ ጫማም ሸሚዝም አልፈልግም፤ አንድ ደህና ግሪፕ ብቻ አምጣልኝ» አለኝ። እኔም «ይህማ ምን ችግር አለው!» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ግን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

ግሪፕ፣ ሙሉ ስሙ ቫይስ ግሪፕ፣ ተቆላፊ ፒንሳ ነው። እጀታው ጫፍ ላይ ያለችውን ብሎን በማዞር የአፉን ስፋት ታስተካክላላችሁ፤ ስትጨብጡት «ቀጭ» ብሎ ይቆለፋል፤ እጃችሁን ብታነሡም የነከሰውን ይዞ ይቀራል። በኪስ የሚያዝ ሞርሳ በሉት።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በዚህ አገር ክረምት፣ የመታጠቢያ ቤቴ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ጠብ ጠብ እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። ለቧንቧ ሠራተኛ የሚከፈለው ዋጋ ይታወቃል። ጎሚኒውን ራሴ ልቀይር ብዬ ተነሣሁ። ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው የውሃ መዝጊያ እጀታው ተሰብሮ ዘንጉ ብቻ ቀርቷል። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በ3 ዶላር የገዛሁትን ግሪፕ ዘንጉ ላይ ቆልፌ አዞርኩት። ተዘጋ አልኩ። ለካ የዞረው ግሪፑ እንጂ ዘንጉ አልነበረም! ቱቦውን ስፈታው ውሃው ፊቴ ላይ ፈነዳ። እንደገና ልነክሰው ስሞክር መቆለፊያው በራሱ ጊዜ ተፈናጥሮ ይከፈታል፤ ዘንጉም ተፍቆ እንደ እርሳስ ድቡልቡል ሆኗል።

ያዳኑኝ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት አየር ኃይል የአውሮፕላን መካኒክ የነበሩ፣ የአሜሪካ መሣሪያ በእጃቸው የገባው ያኔ የሆነ ሰው ናቸው። በነጠላ ጫማ ወርደው፣ ከጋቢያቸው ሥር የራሳቸውን ግሪፕ አውጥተው፣ አንድ ጊዜ ነክሰው አዞሩት፤ ውሃው ቀጥ አለ። ከዚያ የእኔን አንሥተው አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ ይህ ግሪፕ አይደለም፤ የግሪፕ ፎቶግራፍ ነው» አሉኝ። የታችኛው ጎረቤቴ ጣሪያ ግን እስከዚያው ርሶ ወርዷል። ለማስጠገኛ የከፈልኩት ለእናቴ መድኃኒት ልልከው ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

የእሳቸው ግሪፕ ላይ «ዴዊት፣ ነብራስካ» የሚል ተቀርጾበታል። እኔ «ዳዊት» ብዬ አንብቤው ሳቁብኝ። ዴዊት ትንሽ የገጠር ከተማ ናት። ዊልያም ፒተርሰን የሚባል ከዴንማርክ የተሰደደ አንጥረኛ ብረት ሲቀጠቅጥ እንዲይዝለት ይህን መሣሪያ ፈለሰፈ፤ የመጀመሪያውን የባለቤትነት መብት እ.ኤ.አ. በ1921፣ የሚቆለፈውን ደግሞ በ1924 አገኘ። በመኪናው እየዞረ ለገበሬና ለመካኒክ ይሸጥ ነበር። አንጥረኛን «ቡዳ» እያልን ከማኅበር ስናገል የኖርን ሰዎች ይህን ስንሰማ ትንሽ ማፈር ያለብን ይመስለኛል። የዴዊቱ ፋብሪካ በ2008 ተዘግቶ ሥራው ወደ ቻይና ተዛወረ። ስለዚህ ስሙን ብቻ አይቶ መግዛት ቀርቷል፤ ዕቃውን በእጅ ይዞ መፈተን ነው።

እንዴት? ሽማግሌው ያስተማሩኝን ልንገራችሁ። አፉን ግጠሙና ወደ መብራት አንሡት፤ ጥርሶቹ ጫፍ ላይ ካልተጋጠሙ መልሱት። የታችኛውን መንጋጋ በጣት ወደ ጎን ወዝውዙት፤ ከተንገጫገጨ ገና ሳይሠራበት አርጅቷል። ወረቀት አስነክሳችሁ ጎትቱ፤ መቀደድ እንጂ መንሸራተት የለበትም። የማስተካከያዋ ብሎን ያለ ትግል በጣት መዞር አለባት። መቆለፊያው ሲገጥምም እጃችሁ ላይ ሊሰማችሁ ይገባል፤ ልፍስፍስ ካለ የእኔው የ3 ዶላር ወንድም ነው።

ቅርጹን በተመለከተ ክርክር አያስፈልገውም። አንድ ብቻ የሚገዛ ሰው አፉ ቆልመም ያለውን፣ ሥሩ ላይ ሽቦ መቁረጫ ያለበትን ባለ 10 ኢንች ይግዛ። ቱቦውንም፣ ጭንቅላቱ የተላጠ ብሎኑንም የሚይዘው እሱ ነው። ሁለተኛ ካማራችሁ ለጠባብ ቦታ ባለ 7 ኢንቹን፤ ሦስተኛ ረጅም አፍንጫውን። አፉ ቀጥ ያለው ጠፍጣፋ ነገር ለሚይዝ ሰው ነው። ላሜራ ለሚበይድ እንደ እኔ የእህት ልጅ ላለው ደግሞ አፉ እንደ ቀለበት የተከፈተው ይሻለዋል፤ ሁለቱን ላሜራ ገጥሞ ይይዝለታል፣ ሁለት እጁም ለብየዳው ነፃ ይሆናል። ለእሱ ግን መጀመሪያ የምወስድለት ቆልማማውን ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ብሎን ሳይላጥ የሚውልበት ቀን የለምና።

በአንድ እጅ የሚፈታ፣ ራሱን በራሱ የሚያስተካክል የሚባል አዲስ ዓይነትም ወጥቷል። ለቤት ውስጥ ሥራ ምቹ ነው። እኔ ግን የድሮዋን መፍቻ ምላስ እመርጣለሁ፤ ስትፈቱት መዳፋችሁን እንዳይቆነጥጥ ብቻ ተጠንቀቁ። ደህናውን ብሎን ደግሞ በግሪፕ አትንኩ፤ ጥርሱ ይበላዋል። ለደህና ብሎን ቁልፍ አለው። የሚያብለጨልጭ ቧንቧም ቢሆን ጨርቅ ሳታለብሱ አትንከሱት፤ ጠባሳው አይጠፋም።

በመጨረሻ ስለ ጉዞ። ከ7 ኢንች የሚረዝም የእጅ መሣሪያ በአሜሪካ አየር ማረፊያ ከእጅ ሻንጣ ጋር ወደ አውሮፕላኑ አይገባም፤ ስለዚህ በካልሲ ጠቅልላችሁ ከሚጫነው ሻንጣ ክተቱት። የእኔ 23 ኪሎ ከአሁኑ በሰው አደራ ሞልቷል። የአንዲት ወይዘሮ የላከችውን ከባድ ጫማ አውጥቼ በምትኩ ግሪፑን ላስገባ አስቤአለሁ። ይህን ጋዜጣ እንደምታነብ አውቃለሁ፤ ይቅርታዋን ከወዲሁ እጠይቃለሁ።