የአርባ ምንጭን ልጅ ውሃ እንዳይጠማው!

አዲስ አበባን የወለዳት ፍልውሃ ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ባያሠሩ ኖሮ ዋና ከተማችን ዛሬ የት ትሆን ነበር? አርባ ምንጭም የምንጭ ልጅ ናት። ከሸንተረሩ ግርጌ፣ ከጫካው ውስጥ የሚፈልቀው ውሃ ስሟን አወጣላት፤ ቧንቧዋንም የሚሞላው እሱው ነው።

ጫካው በ1966 ዓ.ም. በተቋቋመው በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። እንግዳ ሲመጣ ሸንተረሩ ጫፍ ካለ ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ዓሣ ጥብሱን እየበላ፣ አባያንና ጫሞን፣ በመሃላቸውም "የእግዜር ድልድይን" ቁልቁል ያያል። በማግስቱ በጀልባ "አዞ ገበያ" ደርሶ ፎቶውን አንስቶ ይመለሳል። እሰየው! ከዚያ በረንዳ ላይ ሆኖ የማይታየው ግን፣ ከጫካው ማገዶ ተሸክማ ዳገቱን የምትወጣው ሴት ናት።

እኔ ጫካ ይጨፍጨፍ የምል ሰው አይደለሁም። ጫካው ካለቀ ምንጩም አብሮ ያልቃል። ግን ልጠይቅ፦ እንጨቱን የሚያነደው ማነው? ከተማው አይደለም እንዴ? እንጀራው የሚጋገረው፣ ሻዩ የሚፈላው በምንድነው? ሴትዮዋን አባርሮ፣ ሸክሟን ነጥቆ ጫካ አዳንኩ ማለት "አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" ነው።

በጉልበት መሞከሩንስ ሞክረነዋል። በ1996 ዓ.ም. ፓርኩ አፍሪካን ፓርክስ ለተባለ የውጭ ድርጅት ተሰጠ። በዚያው ዓመት ፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ኮሬዎች ተነቅለው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። በኅዳር 1997 ደግሞ 463 የጉጂ ቤቶች መቃጠላቸውን ሪፊውጂስ ኢንተርናሽናል ዘገበ። ከዚያስ? ድርጅቱ በ2000 ዓ.ም. እወጣለሁ አለና ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ። ቤት የተቃጠለለት ፓርክ ቆርኬውን እንኳ ከመመናመን አላዳነም!

ሌላ መንገድ የለም የሚል ካለ መስከረም 2011ን ያስታውስ። ቡራዩ ላይ የጋሞ ተወላጆች ተገድለው የአርባ ምንጭ ወጣት ለበቀል ሲነሳ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። ጥይት አልተተኮሰም። የተቆጣን ሕዝብ በሳር የሚመልስ ሽማግሌ ያለው አገር፣ ጫካውን ለማስጠበቅ ለምን ዱላ ብቻ ይታየዋል?

ስለዚህ የሚመለከታችሁ ሁሉ ስሙ! ጫካው በሽማግሌዎችና በጎረቤቶቹ ቃል ኪዳን ይጠበቅ። ከፓርኩ መግቢያና ከጀልባው ገቢ ለአካባቢው ሰው የሚደርሰው ድርሻ በአደባባይ ይነገር። የጫሞ ዳር ጋንጁሌዎች፣ የአባያዋ ጊዲቾ ደሴት ባይሶዎችና ሃሮዎች ቁጥራቸው ትንሽ ስለሆነ ድርሻቸው አይረሳ። ለማገዶ ለቃሚዋ ከዱላ በፊት ሥራ ይሰጣት። በ1979 ዓ.ም. በውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት የተጀመረው ዩኒቨርሲቲም የምንጮቹን ውሃ በየዓመቱ እየለካ ለሕዝቡ ይንገር፤ ደጃፉ ላይ ያለ ውሃ ነውና!

የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲባል ተረቱን ለምደነዋል። በአርባ ምንጭ ልጅ ደግሞ ሌላ ተረት አንጨምር።