ስሟ ቢነቀልም ቪትዝ ናት

ጎረቤቴ ከቪትዝ መኪናው የኋላ በር ላይ ስሟን በካቻቢቴ ፈልቅቆ ሲያነሳ ቀለሙም አብሮ ተላጠ። ብረት እዚያ ምን አገባው? አብዛኛው የመኪና ዓርማ የተያዘው በሁለት በኩል በሚጣበቅ የስፖንጅ ፕላስተር ነው፤ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጎ የዓሣ ማጥመጃ ክር ከጀርባው እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ መሳብ ይበቃል። የቀረውን ሙጫ በጣት አሽቶ ማንከባለል፣ ከዚያ አልኮል በነካው ጨርቅ መጥረግ ነው። (ክሩ አልሄድ ካለ አትታገሉት፤ ቦዲው ውስጥ የገባ እግር ይኖረው ይሆናል፣ ሲነቀል ደግሞ ቀዳዳው ውኃ ያስገባል።) እኔን የሚያስቀኝ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ለ20 ዓመት ዙሪያውን ስታደበዝዝ ከፊደሎቹ ሥር ያለውን ቀለም አልነካችውም። ስሟን ነቅሎ የጣለው ሰው ፖሊሽ ቢያሻትም እንኳ፣ ጠጋ ብሎ ላያት «ቪትዝ» የሚለው እንደ ጥላ ይነበባል።