«ሞተሪኖው ብቻ ነው» ሲሏችሁ

በዚህ የእጅ ሙያ አምድ ዛሬ የምናነሣው ቆሞ ስለከረመ ሞተር ሳይክል ነው። እዚህ ካኩማ ውስጥ ከቤት ግድግዳ ተደግፎ አቧራ የሚጠጣ አሮጌ ቦክሰር ወይም ቲቪኤስ ማየት ብርቅ አይደለም። ባለቤቱ በርካሽ ሊለቀው ይፈልጋል። ምን ነካው ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ሌላ ምንም የለበትም፣ ሞተሪኖው ብቻ ነው!» ሁለት ሦስት ልጆች ደግሞ ዕቁባቸውንና ዘመድ የላከላቸውን አዋጥተው ቦዳ ቦዳ ሊሠሩበት ያስባሉ። ያ ገንዘብ ተመልሶ የማይገኝ ስለሆነ ከኪስ ሳይወጣ በሽታውን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ጋራዥ አያሻም። አንድ ቴስተር፣ እሱ ከሌለ ሁለት ሽቦ የታሰረበት የፍሬቻ አምፖል፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የካንዴላ መፍቻና ትንሽ ትዕግሥት ይበቃል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ሞተሪኖ ሥራው ሞተሩን ማዞር ብቻ ነው። እሳት የሚሰጠው ካንዴላው፣ ቤንዚን የሚያቀርበው ካርቡራቶሩ ነው። በተኑን ስትጫኑት ሞተሩ እሩ እሩ እያለ በደንብ ዞሮ ካልተነሣ ሞተሪኖው ጤነኛ ነው፤ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልጉት። በተቃራኒው በተኑ ሲጫን ጸጥ ካለ ወይም ጠቅ ብሎ ከቀረ፣ ያኔ ነው ስለ ሞተሪኖ ማውራት የሚቻለው።

ደግሞም ሻጩን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ። እነዚህ ሞተር ሳይክሎች አብዛኞቹ ሞተሪኖ ቢኖራቸውም በእግርም ይነሣሉ። ታዲያ የተበላሸው ሞተሪኖው ብቻ ከሆነ ለምን በእግር አስነሥቶ አልሠራበትም? ለምን ዓመት ሙሉ ቆመ? ብዙ ጊዜ መልስ አታገኙም። ስለዚህ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ፣ ካንዴላውን ፍቱና የእግር ማስነሻውን ቀስ ብላችሁ በእጅ ወደ ታች ግፉት። ያለ ችግር ከዞረ መልካም። ግትር ብሎ ከቆመ ግን በጉልበት አትርገጡት፤ ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ይሆናል። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሮ አንድ ሁለት ቀን ማቆየት አንዳንዴ ያላቅቀዋል፤ ቢላቀቅም ግን ቀለበቶቹ ደህና ናቸው ማለት አይደለም። እንዲህ ያለውን የምትገዙት በመለዋወጫ ዋጋ ከሆነ ብቻ ነው።

ሞተሩ የሚዞር ከሆነ ወደ ባትሪው እንሂድ። እዚህ ላይ ብዙ የምንቆየው ወደን አይደለም፤ ሞተሪኖ ተቃጠለ ተብሎ ከሚለወጠው ውስጥ የባትሪ ችግር የሆነው ብዙ ነው። የእኛ አገር ሙቀት የባትሪን ውሃ ያተናል፣ ቆሞ የከረመ ባትሪ ደግሞ በራሱ ይደክማል። ከአንድ ሌሊት ዕረፍት በኋላ በቴስተር ሲለካ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 አካባቢ ግማሽ ያህል ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ በሉት። ይህ ብቻ ግን አይበቃም። ያረጀ ባትሪ ዝም ብሎ ሲለካ 12.6 አሳይቶ በተኑ ሲጫን ወዲያው 7 ወይም 8 ይወርዳል። ስለዚህ አንዱ በተኑን ይጫን፣ ሌላው ቴስተሩን ይመልከት። ከ10 ቮልት ብዙ የሚወርድ ከሆነ ባትሪውን በደህና ባትሪ ለውጡና እንደገና ሞክሩ። ያኔ ሞተሪኖው ከዞረ ጉዳዩ አለቀ። በደህናውም ባትሪ ቮልቱ እንደዚያው ከወደቀ ሞተሪኖው ራሱ ከልክ በላይ ኃይል እየሳበ ነው።

ቴስተር የሌለው ሰው ክላክሱንና የፍሬን መብራቱን ይጠቀም። በፊት መብራቱ አትመኑ፤ ሞተሩ ካልተነሣ የማይበራባቸው ሞዴሎች አሉ። ፍሬኑን ይዛችሁ በተኑን ስትጫኑ የፍሬኑ መብራት ሊጠፋ ከደረሰ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል። መብራቱ ምንም ካልተለወጠ ኃይሉ ሞተሪኖው ጋ አልደረሰም ማለት ነው።

ስለ ቻርጅ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ብዙዎቻችን ባትሪ የምንሞላው በፀሐይ ነው፤ ይሁን። ነገር ግን «የ12 ቮልት» የሚባለው ፓኔል ፀሐይ ሲመታው ያለ ጭነት እስከ 21 ቮልት ገደማ ይሰጣልና ያለ መቆጣጠሪያ በቀጥታ ከትንሽ ባትሪ ጋር አታያይዙት፤ አሲዱን ያፈላዋል። ለ5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አምፔር ያህል በቂ ነው፣ ቀስ እያለ ይሙላ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ በሁለቱ መስመሮች መካከል እስኪደርስ የተጣራ የባትሪ ውሃ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃችን ጨዋማ ስለሆነ ባትሪ ይገድላል፤ በሻይ ማንቆርቆሪያ የምታዩት ነጭ ቅርፊት እዚያም ይሠራል። በሚሞላበት ጊዜ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ይፈነዳልና ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ አርቁት፤ ከልጆችም እንዲሁ።

ባትሪው ደህና ሆኖ አሁንም ጸጥ ካለ የኃይሉን መንገድ ተከተሉ። ፊውዙን አውጥታችሁ እዩት። የባትሪውን ሁለት ራሶች ፍቱና በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ። ኔጋቲቩ ሽቦ ከሞተሩ አካል ጋር የታሰረበትን ቦሎን ደግሞ አትርሱት፤ ዝገትና አቧራ የሚበላው እሱን ነው። በተኑ ተጭኖ ሳለ በባትሪው ኔጋቲቭና በሞተሩ ብረት መካከል ስትለኩ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት፤ ከግማሽ ቮልት ካለፈ ማሰሪያው ነው ጥፋተኛው። ማርሽ ገብቶ ከሆነ ፍሪሲዮን ካልተያዘ የማይነሡም አሉና ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ሞክሩ።

ቀጥሎ ያለው ሪሌው ነው፦ ከባትሪው አጠገብ ያለ፣ ሁለት ወፍራምና ሁለት ቀጭን ሽቦ የሚገባበት። በተኑ ሲጫን ቀጭኖቹ መካከል የአምፖላችሁን ሽቦ አስገቡ። ካልበራ ትእዛዙ አልደረሰም፤ በተኑን ፈትታችሁ ውስጡን አጽዱ። በርቶ ሪሌው ጠቅ ካላለ ሪሌው ሞቷል። ጠቅ ብሎ ሞተሪኖው ካልዞረ ሁለቱን ወፍራም ራሶች በወፍራም የመዳብ ሽቦ ለአፍታ አገናኙ። ብልጭታ ይኖራል፤ ስለዚህ ማርሹ ፎሌ ላይ ይሁን፣ ካንዴላው ይመለስ፣ ቤንዚን አጠገብ አይኑር፣ የእጅ ቀለበትና ሰዓት ይውለቅ። እንዲህ ሲገናኝ ከዞረ የሪሌው ውስጥ ተቃጥሏል፤ ሪሌ ከሞተሪኖ በብዙ ይረክሳል።

አሁንም ካልዞረ ነው እንግዲህ ሞተሪኖው የሚወርደው። ከተፈታ በኋላ መሬት ላይ በእግር አጥብቃችሁ ይዛችሁ በቀጥታ ከባትሪ ጋር ሞክሩት። ካልዞረ ሁለቱን ረጃጅም ቦሎኖች ፍቱ። ከመፍታታችሁ በፊት ክዳኑና አካሉ የሚጋጠሙበትን በጭረት ምልክት አድርጉ፤ ስስ ቀለበቶቹ በምን ተራ እንደነበሩም አስታውሱ። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ጥቁር የካርቦን ዱቄት፣ አሸዋና አልቀው ያጠሩ ካርቦኖች ነው። ካርቦን ለብቻው ይሸጣል። የመዳቡን ክብ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ በመዳቦቹ መካከል ያሉትን ቀጫጭን ክፍተቶች በመርፌ ጥረጉ፣ ስፕሪንጎቹ የሚገፉ መሆናቸውን እዩ። ሽቦው ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ድካም አያሻም፤ እሱ በእውነት ይለወጣል።

አንድ የቀረ በሽታ አለ። በተኑ ሲጫን ሞተሪኖው ዚዝ እያለ በፍጥነት ይሽከረከራል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም። ይህ ኤሌክትሪክ አይደለም፤ በሞተሪኖውና በሞተሩ መካከል ያለው ባለ አንድ አቅጣጫ ክላች አልቋል። እሱን ለማግኘት የሞተሩ የጎን ክዳን ስለሚከፈት ዘይቱም ስለሚፈስ ለሠራተኛ የሚከፈለው ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ የመግዛት ሐሳብ ያላችሁ ይህን ድምፅ ከሰማችሁ ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ፤ ወይም በእግር የሚነሣ ከሆነ እንዲሁ ይሠራበታል።

በሚቀጥለው እትም ሞተሪኖው በደንብ እያዞረው ስለማይነሣው፣ ማለትም ስለ ካንዴላና ስለ ካርቡራቶር እንጽፋለን። የገጠማችሁን ድምፅና ምልክት በወረቀት ጽፋችሁ ስጡን።